የውሰት ጦርነት፦ ከቢሾፍቱ እስከ ኡሊ

(በአንድ የንባብ ክበብ የምሽት ዝግጅት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ሰዓት አልቆብኝ የዘለልኩትን መልሼ አስገብቻለሁ፤ ሁለቴ የተናገርኩትን ቆርጫለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «አዲስ ነፃ የወጡ አገሮችና ዘመናዊ ጦርነት» የሚል ነው። ሰፊ ነው። ከሕንድና ከፓኪስታን ጀምሬ፣ በኮንጎ አድርጌ አንጎላ ልድረስ ብል እራታችሁ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አንድ ጦርነት ብቻ መርጫለሁ፤ የናይጄሪያንና ከእሷ ልትገነጠል የተነሳችውን የቢያፍራን። ወራቱንና ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በየመሃሉ ሰባትና ስምንት ስቀንስ እኔም እናንተም እንዳንደናገር ብዬ ነው።

ለምን ቢያፍራ? ጉዳዩ የሚጀምረው ከቤታችን ግድግዳ ነው።

ያደግኩት ደብረ ዘይት ነው፤ ዛሬ ቢሾፍቱ የምንላት። አባቴ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። ሳሎናችን ውስጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅሏል። ሳፊር የምትባል ትንሽ የመለማመጃ አውሮፕላን ናት። አጠገቧ ቱታ የለበሱ አምስት ስድስት ጎረምሶች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። አባቴ ስለ ሥራው ሲያወራ በየመሃሉ «ስዊድን» የሚል ቃል ጣል ያደርጋል። የስዊድን መፍቻ፣ የስዊድን ሞተር፣ የስዊድን አስተማሪ። እኔ ስዊድን ከሞጆ ትንሽ አለፍ ብላ ያለች ከተማ ትመስለኝ ነበር።

ካደግኩ በኋላ ስለ ቢያፍራ ሳነብ አንድ የስዊድን ስም ላይ ደረስኩ። በሜይ 1969 አምስት ትንንሽ አውሮፕላኖችን እየመራ የናይጄሪያን አየር ማረፊያ በሮኬት የመታው ሰው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ይባላል። ይኸው ሰው ከ1946 እስከ 1956 ቢሾፍቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ሲያደራጅና አብራሪ ሲያሰለጥን የነበረ ነው። የአባቴ አስተማሪዎች አለቃ ማለት ነው። የሳፊሯ ፎቶ ትዝ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ጦርነት የሩቅ አገር ወሬ ሊሆንልኝ አልቻለም።

እኔ ቢያፍራን የውሰት ጦርነት ነው የምለው። ጄቱ የሌላ ሰው፣ አብራሪው የሌላ ሰው፣ ጥይቱም ስንዴውም የሌላ ሰው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ባለወርቁ «መልሱልኝ» ሲል ምን እንደሚመጣ ግን አልነገሩንም።

ናይጄሪያ ኦክቶበር 1 ቀን 1960 ነፃ ስትወጣ የተረከበችው ጦር 10,000 ሰው ቢሞላ ነው። እንግሊዞች የሠሩት ጦር ነው። ለሰልፍ ያምራል። ጫማው ያበራል፣ ማርሹ ጆሮ ይገባል። ጸጥታ እንዲያስከብር እንጂ ጦርነት እንዲዋጋ የታሰበ አልነበረም። አየር ኃይልማ ጭራሽ አልነበረም፤ የተቋቋመው በ1964 በምዕራብ ጀርመኖች እርዳታ ነው።

ይህ ጦር የመጀመሪያ ትምህርቱን የቀሰመው ኮንጎ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ የዛሬው ታሪክ ሰዎች ሁሉ እዚያ አልፈዋልና። በኋላ የናይጄሪያ መሪ የሆነው ያኩቡ ጎዎን በተባበሩት መንግሥታት ጦር ውስጥ ኮንጎ ዘምቷል። በኋላ የቢያፍራ መሪ የሆነው ኦዱሜጉ ኦጁኩም ዘምቷል። የእኛው ጠቅል ብርጌድ እዚያ ነበር። ሳቤር ጄቶቻችንም በ1961 ሄደዋል። ቮን ሮዘን ራሱ ለተባበሩት መንግሥታት አብርሯል። የተባበሩት መንግሥታትን ጦር በ1962 እና በ1963 ያዘዙት የእኛው ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው። በ1964 ደግሞ ያው ወንበር ለናይጄሪያዊው ለጆንሰን አጉዪ ኢሮንሲ ደረሰ። ይህን የኢሮንሲን ስም ያዙልኝ።

ወጣቶቹ መኮንኖች ኮንጎ ላይ ምን አዩ? ሞቡቱ የሚባል የ29 ዓመት ኮሎኔል በሬዲዮ ቀርቦ ፖለቲከኞቹን ዞር በሉ ሲል አዩ። ካታንጋ የምትባል በመዳብ የበለፀገች ክፍለ ሀገር ስትገነጠል፣ ነጭ ቅጥረኞች ሲዋጉላት አዩ። ይህ ትምህርት በየትኛውም የጦር አካዳሚ አይሰጥም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ሻንጣቸው ውስጥ ይዘውት ገቡ ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ጃንዋሪ 15 ቀን 1966 ሻለቆች ናይጄሪያ ውስጥ ተነሱ። ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ተገደሉ። የሰሜኑ መሪ አህመዱ ቤሎም ተገደሉ። አድራጊዎቹ አብዛኞቹ የምሥራቁ ሕዝብ የኢግቦ ተወላጆች ነበሩ። ሥልጣኑ ግን በመጨረሻ የወደቀው በዚያ ስሙን ያዙልኝ ባልኳችሁ በኢሮንሲ እጅ ነው። እሱም ኢግቦ ነው። ሰሜኑ ነገሩን ዘር ቆጥሮ አየው። በጁላይ መጨረሻ የሰሜን ወታደሮች አጸፋውን መለሱ፤ ኢሮንሲም ተገደለ። የ31 ዓመቱ ጎዎን መሪ ሆነ። በዚያው ዓመት ሰሜን ውስጥ የሚኖሩ ኢግቦዎች በየገበያው፣ በየባቡር ጣቢያው በብዙ ሺህ ተጨፈጨፉ። የተረፈው ያገኘውን ጭኖ ወደ ምሥራቅ ጎረፈ። ከሚሊዮን በላይ ሰው እንደነበር ይገመታል።

በጃንዋሪ 1967 ሁለቱ ወጣቶች፣ ጎዎንና የምሥራቁ ገዢ ኦጁኩ፣ ጋና ውስጥ አቡሪ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ተጨባበጡ፣ ተስማሙ፣ ተለያዩ። ሲለያዩ ግን እያንዳንዱ የተስማማው ሌላ ነገር ላይ ነበር። የእኛ አገር ሽማግሌዎች ይህን ዓይነት ዕርቅ በደንብ ያውቁታል። ሜይ 27 ጎዎን አገሪቱን በ12 ክልሎች ከፋፈላት፤ አከፋፈሉ ነዳጁን ከኢግቦ መሬት የሚለይ ነበር። ሜይ 30 ኦጁኩ የቢያፍራን ሪፐብሊክ አወጀ። ጁላይ 6 ቀን 1967 ተኩስ ተከፈተ። ጎዎን 32 ዓመቱ፣ ኦጁኩ 33 ዓመቱ። ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ገና ኮንዶሚኒየም ይጠብቃል።

የውጊያውን ውሎ በፍጥነት ልለፈው። ያኔ የናይጄሪያ ዋና ከተማ የነበረችው ሌጎስ መጀመሪያ ነገሩን የፖሊስ እርምጃ ብላ ጠራችው፤ በሳምንታት የሚያልቅ ነገር ነበር የመሰላት። ኦገስት 9 ቢያፍራዎች ድንገት ወንዝ ተሻግረው ቤኒን ከተማን ያዙ፤ ወደ ሌጎስ በሚወስደው መንገድ ኦሬ ድረስ ዘለቁ። እዚያ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ጦርነቱ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው። ኦክቶበር 4 ዋና ከተማቸው ኤኑጉ ወደቀች። በዚያው ሳምንት የፌዴራሉ ወታደሮች አሳባ ላይ፣ ሊቀበላቸው ከወጣው ሕዝብ መካከል ወንዱን ለይተው ረሸኑ። በሜይ 1968 ፖርት ሃርኮርት ስትያዝ ቢያፍራ የባሕር በር አልባ ሆነች። እኛ የባሕር በር ማጣት ምን እንደሆነ የምናወራው ስለ ኪራይና ስለ ቀረጥ ነው። እዚያ ግን ነገሩ ጨውና ወተት ነበር፤ ምክንያቱም መንገዱ ሁሉ በጦር ተዘግቷል።

አሁን ወደ ውሰቱ እንምጣ።

ናይጄሪያ ጄት አማራት። እንግሊዝ ጠመንጃና ብረት ለበስ ሰጠች፤ ተዋጊ ጄት ግን አልሰጠችም። ሶቪየቶች ሚግ 17 ሸጡላት። አብራሪ የለም። ግብፆች መጡ። ኢሉሺን 28 የሚባሉትን ቦምብ ጣዮችም ያበረሩት እነሱ ናቸው፤ ገበያና ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። እስቲ አስቡት፤ በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ለንደንና ሞስኮ አንድ ወገን ቆመው። ለንደን የነዳጁ ነገር አለባት፤ ሼል ቢፒ ከ1956 ጀምሮ ኦሎይቢሪ ላይ ዘይት አግኝቷል። ሞስኮ ደግሞ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ እግር ማስገቢያ ፈልጋለች።

በቢያፍራ በኩል ያለው ስብስብ ከዚህም ይገርማል። የደጎል ፈረንሳይ በጋቦንና በአይቮሪ ኮስት በኩል መሣሪያ ታሾልካለች። ቅኝ ገዢዋ ፖርቱጋል ሳኦ ቶሜ የምትባለውን ደሴቷን ከፍታለች። ከእነሱ ጎን ደግሞ የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ ቆመዋል፤ ፖርቱጋልን ከአፍሪካ ለማስወጣት ቤታቸውን ለነፃነት ታጋዮች የከፈቱ ሰው። ኔሬሬ በኤፕሪል 1968 ለቢያፍራ ዕውቅና ሲሰጡ፣ መንግሥት ዜጋውን ካልጠበቀ አንድነት ባዶ ስም ነው የሚል ክርክር ነበራቸው። ዛምቢያም ተከተለች። «ምሥራቅና ምዕራብ» የሚለው ካርታ እዚህ ጋ ዝም ብሎ ይቀደዳል።

አንድ ነገር ግን ማድበስበስ አልፈልግም፤ የእኔን የውሰት ወሬ የሚያፈርስ ነገር ነው። ቢያፍራዎች የራሳቸውን ሠርተዋል። የዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶችና መሐንዲሶች ተሰብስበው ኦግቡኒግዌ የሚባል ፈንጂ አወጡ። በብረት በርሜል ስብርባሪ ብረት ሞልተው፣ መንገድ ዳር ጠምደው፣ ለሚመጣው ጦር የሚለቁት። የፌዴራሉ ወታደር ከመድፍ ይልቅ ይህን ይፈራ ነበር። ጫካ ውስጥ፣ እንደኛ አረቄ ማውጫ ዓይነት በርሜልና ቧንቧ ገጣጥመው ድፍድፍ ነዳጅ ያጣሩ ነበር። መኪናቸው በዚያ ቤንዚን ሄዷል። ይህን ሳነብ ኩራት ቢጤ ይሰማኛል፤ የማንም ወገን ሳልሆን። ወዲያው ደግሞ አንድ ኬሚስት ያን ሁሉ ዕውቀቱን በርሜል ውስጥ ስብርባሪ ብረት መሙላት ላይ ማዋሉ ይከነክነኛል።

ዳቦ ግን በበርሜል አይወጣም። ወደ ኡሊ እንሂድ።

ኡሊ የመንገድ ቁራጭ ናት። ከኦዌሪ ወደ ኦኒቻ የሚወስደውን አስፋልት ትንሽ አሰፉትና አውሮፕላን ማረፊያ አደረጉት። ስፋቷ ከሚያርፉባት ትልልቅ አውሮፕላኖች ክንፍ ያንሳል። ቀን ቀን ዛፍ ቅጠሉ ተጎዝጉዞባት ትተኛለች። ሲመሽ ትነቃለች።

አውሮፕላኑ ከሳኦ ቶሜ ወይም ከፈርናንዶ ፖ ደሴት ሲመሽ ይነሳል። መብራቱን አጥፍቶ ባሕሩን ይሻገራል። የባሕሩ ዳርቻ ላይ የፌዴራሉ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ይጠብቀዋል፤ ከፍ ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ኡሊ አናት ላይ በጨለማ ይዞራል። ብቻውን አይደለም። ሌሎችም መብራት አጥፍተው እዚያው ይዞራሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የናይጄሪያ ቦምብ ጣይ ይዞራል። የማረፊያው መብራት ሲበራ ጠብቆ ሊጥል። አብራሪው በሬዲዮ ተራው ሲደርስ ይወርዳል። መሬት ሊነካ ሲል መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ ቦግ ይላል። ወዲያው ጨለማ። መንኮራኩሩ አስፋልቱን ነክቶ ገና ሳይቆም ጨለማ ነው። ሰዎች ከጫካው ይወጣሉ፤ ከመካከላቸው የአየርላንድ ቄሶች አሉ። የደረቀ ዓሣ፣ የወተት ዱቄት፣ ጨው፣ መድኃኒት በትከሻ ይወርዳል። ሞተሩ አይጠፋም። ሳይነጋ ይነሳል። ሥራ በበዛበት ሌሊት እስከ 40 በረራ ይስተናገድ ነበር። ሲነጋ ሌሎች ሰዎች መጥተው በቦምብ የተቆፈረውን ጉድጓድ ይደፍናሉ።

የአብያተ ክርስቲያናቱ የዕርዳታ ጥምረት ብቻውን ከ5,000 በላይ በረራ አድርጎ 60,000 ቶን ገደማ አስገብቷል። አብራሪዎቹ ጥምረቱን «ጂሰስ ክራይስት ኤርላይንስ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ከ20 በላይ አብራሪዎችና ረዳቶች ሞተዋል። ጁን 5 ቀን 1969 ደግሞ የቀይ መስቀል አውሮፕላን በናይጄሪያ ሚግ ተመትቶ ወደቀ።

አሁን የሚያስቸግረው ክፍል መጣ። ወተቱን የጫነው አውሮፕላንና ጥይቱን የጫነው አውሮፕላን በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ማረፊያ ነው የሚያርፉት። ከላይ ሆኖ የሚያይ አይለያቸውም። ኦጁኩ ይህን ያውቃል። ናይጄሪያ «በቀን ይግባ፣ እኛ እንፈትሸው» ስትል እምቢ አለ፤ የምግቡን አውሮፕላን ተከትለው ይገቡብናል የሚል ስጋት ነበረው። የየብስ መንገድ ይከፈት ሲባልም ምግቡ ይመረዛል የሚል ጥርጣሬ ተነሳ። የዕርዳታ ድርጅቶቹ የሚመነዝሩት የውጭ ገንዘብም ለቢያፍራ መንግሥት ዶላርና ፓውንድ ሆኖታል። ሌጎስ ደግሞ ከበባው እንደሚያስርብ አሳምራ ታውቃለች፤ ረሃብ የጦርነት ሕጋዊ መሣሪያ ነው ብለው በግልጽ የተናገሩ ባለሥልጣናት ነበሯት። ሁለቱም ወገን በሕፃናቱ ሆድ ላይ ተከራከረ። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ የማዝንለት መሪ አጥቻለሁ።

ሕፃናቱን ዓለም በ1968 አጋማሽ አያቸው። ሆዳቸው ያበጠ፣ ጸጉራቸው የቀላ፣ በፕሮቲን እጦት የሚያልቁ ሕፃናት። ፎቶው የአውሮፓን ጋዜጦች ሞላ። በጄኔቫ ማርክፕሬስ የሚባል ድርጅት ለቢያፍራ እየሠራ መግለጫ በየቀኑ ያወጣ ነበር። ከዚያ በፊት አፍሪካዊ ረሃብ እንዲህ በየሰው ሳሎን አልገባም። ከሐኪሞቹ አንዳንዶቹ ያዩትን ዝም ብለው ማለፍ አቃታቸው፤ በ1971 ድንበር የለሽ ሐኪሞችን ከመሠረቱት መካከል ቢያፍራ የነበሩ ፈረንሳዮች ይገኙበታል። እኛም ወሎ ላይ፣ ከዚያ በ1984 ኮረም ላይ የታየንበት ዓይን ያኔ የተከፈተ ዓይን ይመስለኛል። ለበጎም ለክፉም።

ጃንሆይስ የት ነበሩ? መካከል ላይ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በሴፕቴምበር 1967 ኪንሻሳ ላይ ስድስት መሪዎች ያሉበት ኮሚቴ ሲያቋቁም ሊቀመንበሩ እሳቸው ሆኑ። በኅዳር ግድም ሌጎስ ሄዱ። ኦገስት 1968 ሁለቱን ወገኖች አዲስ አበባ ጠሩ። ኦጁኩ ራሱ መጣና ከሁለት ሰዓት በላይ ተናገረ። ጎዎን ግን አልመጣም፤ አንቶኒ ኤናሆሮን ልኳል። ሳምንታት ተከራከሩ። በየብስ ይግባ፣ በአየር ይግባ። ሳይስማሙ ተለያዩ።

ጃንሆይ በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ ብቻ አልነበሩም። ከ1961 ጀምሮ ኤርትራ ውስጥ ጥይት ይጮኻል፤ ፌዴሬሽኑን በ1962 ያፈረሱት ራሳቸው ናቸው። በ1964 ከሶማሊያ ጋር ኦጋዴን ላይ ተዋግተዋል። በዚያው ዓመት ካይሮ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ቅኝ ገዢ ያሰመረው ድንበር አይነካ ብለዋል። ቢያፍራ ከተሳካላት ቀጥሎ የማን ወረፋ እንደሆነ ለጃንሆይ መንገር አያስፈልግም። ሽማግሌው ልቡ ከአንዱ ወገን ነበር፤ ይህንን ኦጁኩም ያውቀው ነበር።

በዚያው ኦገስት፣ አዲስ አበባ ላይ ንግግር ሲደረግ፣ የጃንሆይ አየር ኃይል የድሮ የበረራ አስተማሪ ሳኦ ቶሜ ላይ ነበር።

ስለ ቮን ሮዘን ትንሽ ልበል። የስዊድን መስፍን ልጅ ነው። አክስቱ የናዚው ሄርማን ጎሪንግ የመጀመሪያ ሚስት ነበረች፤ እሱ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የበረረው። በ1935 ጣሊያን ስትወረን ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር መጥቶ በአምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛ አመላልሷል። የመርዝ ጋዙ ራሱንም አቃጥሎታል። ከዚያ ለፊንላንድ ዘመተ። ከዚያ ወደ ቢሾፍቱ ተመለሰ፤ ሳፊሮቹንና ሳብ 17 የሚባሉትን ቦምብ ጣዮች ያመጣን የእሱ ዘመን ነው።

በኦገስት 1968 መድፉ በርትቶ የዕርዳታ አብራሪዎች አንበርም ብለው ነበር። ቮን ሮዘን ዲሲ 7 ጭኖ፣ በዛፍ ጫፍ ቁመት፣ በጠራራ ፀሐይ ኡሊ ገባ። የሚሠራበት ኩባንያ አልወደደለትም። እሱ ደግሞ ያየውን አልረሳም። ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ዙር ግን ወተት አልያዘም።

ኤምኤፍአይ 9 የምትባለውን አውሮፕላን ላሳያችሁ። ሁለት ሰው ትይዛለች። ሞተሯ 100 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከአንድ ቶዮታ ቪትዝ ብዙ አይበልጥም። አምስቱን ገዙ። ጋቦን ውስጥ አረንጓዴ ተቀቡ፣ በየክንፋቸው ስር ስድስት ስድስት የፈረንሳይ ሮኬት ተገጠመ። አንዷ 12፣ አምስቱ 60። ሦስት ስዊድናውያንና ሁለት ቢያፍራውያን ተሳፈሩ። ሜይ 22 ቀን 1969 ዛፍ ዛፉን ታክከው ፖርት ሃርኮርት አየር ማረፊያ ደረሱ። ራዳር አላያቸውም፣ ሚጎቹ መሬት ላይ ቆመው ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ቤኒንን፣ ኤኑጉን፣ ኡጌሊ ያለውን የኃይል ማመንጫ መቱ። ምን ያህል ጄት እንደተቃጠለ የሁለቱ ወገን ቁጥር ዛሬም አይገናኝም። ናይጄሪያ በጣም ተቆጣች፤ «ነጭ ቅጥረኛ» አለችው። ገንዘብ ፍለጋ የሄደ አይመስለኝም። ግን ከሰላሳ ዓመት በፊት ከሰማይ የሚወርድ መሣሪያ ያቃጠለው ሰው ሮኬት ይዞ ሲመለስ፣ «ዳቦ ብቻ አይበቃም» ብሎ ራሱን ያሳመነበት ሌሊት ምን እንደሚመስል ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አምስት ትንንሽ አውሮፕላን ጦርነት አትገለብጥም። የፌዴራሉ ጦር ያኔ 10,000 ሳይሆን ሩብ ሚሊዮን ደርሷል። የቢያፍራዋ ከተማ ኡሙአሂያ በኤፕሪል 1969 ወድቃለች። ጃንዋሪ 11 ቀን 1970 ኦጁኩ ወደ አይቮሪ ኮስት በረረ። ጃንዋሪ 15 ምክትሉ ፊሊፕ ኤፊዮንግ ሌጎስ ላይ እጅ መስጠቱን ፈረመ። ሻለቆቹ ከተነሱ ልክ አራት ዓመት። የሞተው ከግማሽ ሚሊዮን እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል፤ አብዛኛው በረሃብ።

ጎዎን «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» አለ። የተፈራው የበቀል ጭፍጨፋ አልመጣም፤ ይህ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በባንክ በኩል የመጣው ግን ሌላ ነው። ምሥራቆቹ ባንክ ያስቀመጡት የፈለገውን ያህል ይሁን፣ ተሰልቶ የተሰጣቸው 20 ፓውንድ ነው። ያኔ ኢግቦዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ሃፒ ሰርቫይቫል» ይባባሉ ነበር። የእኛ «እንኳን አተረፈህ» ማለት ነው።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት የሰውየውን መጨረሻ ልንገራችሁ።

ቮን ሮዘን ኢትዮጵያን አልተወም። በ1974 ድርቅ ጊዜ መኪና የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ከትንሽ አውሮፕላን በዝቅታ የእህል ከረጢት መጣል ጀመረ። የሮኬቷ አውሮፕላን ታናሽ እህት ናት፤ ክንፏ ስር ግን ከረጢት ነው ያለው። በ1977 ኦጋዴን ነበር። ጁላይ 13፣ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1969፣ የሶማሊያ ኃይሎች ጎዴን ሲያጠቁ መሬት ላይ ሳለ ተገደለ። 67 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው አዲስ አበባ ነው።

ያ የሶማሊያ ጦር የታጠቀው የሶቪየት መሣሪያ ነው። የእኛ ጄቶች ደግሞ አሜሪካ የሰጠችን ኤፍ 5 ናቸው። ወራት ሳይቆዩ ሶቪየቶች ወገን ቀየሩ። ከኅዳር ጀምሮ የጭነት አውሮፕላኖቻቸው ታንክና መድፍ ወደ አዲስ አበባ አመላለሱ። ኩባዎችም መጡ። ሶማሊያ ያዋሷት መሣሪያ ይዛ፣ አዋሹን ከፊት ለፊቷ አገኘችው።

አባቴ በዚያ ዓመት ቤት የሚያድረው በሳምንት አንድ ቀን ነበር። ጡረታ ሲወጣ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ከታች የስዊድኑ መፍቻ፣ በሚሊሜትር። ከላዩ የአሜሪካው፣ በኢንች። ከሁሉም በላይ የሩሲያው፣ እንደገና በሚሊሜትር። የኢንቹ መፍቻ ሚሊሜትር ብሎን ላይ ይገባል፤ ከዚያ ጥርሱን ይበላዋል። ሳጥኑ ዛሬም መጋዘናችን ውስጥ አለ። አንዴ «የማይሆኑትን ለምን አትጥላቸውም?» ብዬው ነበር። «ነገ የማን ጄት እንደሚመጣ አንተ ታውቃለህ?» አለኝ።

እሺ፣ ጥያቄ።